በመታጠፊያ ላይ የሚንኳኳ የፊት ጎማ፦ ድምፁን እንዴት እንመርምር?

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ አንኮበር የሚጓዝ መንገደኛ፣ የገብስና የባቄላ ማሳ በተዘረጋበት ደጋ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ምድሩ በድንገት ከፊቱ ይቆረጥበታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠችበት ደጋ እዚያ ላይ አብቅቶ፣ እስከ አፋር ቆላ የሚወርደው ታላቅ ገደል ይጀምራል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር የተመሠረተችው በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከእርሷ በታች ደግሞ በጥንት ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት የነበረችው አልዩ አምባ ትገኛለች። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ባሠሩት የጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውም መንገድ የሚሻገረው ያንኑ ገደል ነው።

እንዲህ ባለ አገር የመኪና መሪ ከአንዱ ኩርባ ተመልሶ ሳያበቃ ለሌላው ይጠመዘዛል። በሜዳ መንገድ ለወራት ተደብቆ የቆየ የፊት ጎማ ሕመምም በመታጠፊያ ላይ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከነዚህ ሕመሞች ምልክቶች መካከል አንዱን፣ ማለትም መኪና ስትታጠፍ ከፊት ጎማ በኩል የሚሰማውን የመንኳኳት ድምፅ ነው።

ነገሩን ለመመርመር ያነሣሣን የራሳችን ገጠመኝ ነው። በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. አራት ሆነን በአንዲት አነስተኛ የቤት መኪና ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሄድን። እቅዳችን ከዚያ አልፎ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ መውረድ ነበር። አንኮበር ደርሰን በጠባብ ስፍራ መኪናዋን ለማዞር መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አሽከርካሪያችን አልደነገጡም። ድምፁ ከሰነበተ መቆየቱን፣ ከሁለት ወር በፊት በአንድ ጋራዥ የግራው ጎማ መገጣጠሚያ መለወጡን፣ ድምፁ ግን እንዳልጠፋና እስካሁንም ምንም ጉዳት እንዳላደረሰ ነገሩን። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ቁልቁለቱን እንውረድ ወይስ እንቅር? በእጃችን የነበሩት መሣሪያዎች ደግሞ ዓይንና ጆሮ፣ አንድ ክሪክ፣ የዳዶ መፍቻና የጠመኔ ቁራጭ ብቻ ነበሩ።

ድምፁ ከምን ጋር ይሄዳል?

የመኪና ድምፅን የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ድምፁ ከየት ይመጣል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ግን አሳሳች ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በብረት ዘንግ ውስጥ 5,000 ሜትር ያህል ይጓዛል። በቀኝ ጎማ ላይ የተነሣ ድምፅ በመኪናዋ የብረት አካል ሁሉ ተሠራጭቶ በቅጽበት በግራ በኩል ይሰማል፤ በውስጥ የተቀመጠው ሰውም ምንጩ ወደ እርሱ የቀረበ ይመስለዋል። በአገራችን መኪኖች አሽከርካሪው የሚቀመጠው በግራ መሆኑን ስናስብ፣ ብዙ ድምፆች «ከግራ ጎማ» መጡ የሚባሉበት ምክንያት ለመገመት አያዳግትም።

የተሻለው ጥያቄ «ድምፁ ከምን ጋር ይሄዳል?» የሚለው ነው። ከጎማው መሽከርከር ጋር ይሄዳል ወይስ ከመሪው መጠምዘዝና ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር? ይህ አንድ ጥያቄ የፊት ጎማን ሕመሞች ሁሉ በሁለት ጎራ ይከፍላቸዋል። ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩት ክፍሎች፣ ማለትም የማዞሪያው ዘንግና መገጣጠሚያዎቹ፣ ኩሽኔታው፣ የላሉ ዳዶዎች፣ በጎማው ጥርስ መካከል የተሰካ ድንጋይ፣ ድምፃቸው በፍጥነት መጠን ይፈጥናል፣ ይዘገያል። የማይሽከረከሩት ክፍሎች፣ ማለትም የመሪ ዘንጎችና ጫፎቻቸው፣ ጎማውን የሚይዙት ክንዶች፣ ሞላውና የሾክ አብዞርበሩ የላይ መቀመጫ፣ ድምፃቸው ከፍጥነት ጋር የተያያዘ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲረግጥ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም መሪው አቅጣጫ ሲለውጥ አንድ ጊዜ «ጓ» ብለው ዝም ይላሉ።

ይህን ለመለየት የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። የአንዲት አነስተኛ መኪና ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ ጎማው በሰከንድ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሦስት ጊዜ ያህል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁም ብዛት እጥፍ ከሆነ፣ ሕመሙ ያለው በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ነው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ መኪናዋን ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት እያስነዱ ከውጭ መቁጠርም ይቻላል።

ታጥፎ የሚዞር ዘንግ

በከተሞቻችን የሚታዩት አብዛኞቹ አነስተኛ የቤት መኪኖች፣ ለምሳሌ ቪትዝና በቅርብ አሥርተ ዓመታት የተሠሩት ኮሮላዎች፣ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፉት ወደ ፊት ጎማዎች ነው። ስለዚህ የፊት ጎማቸው ሁለት ሥራ ተደራርቦበታል። መኪናዋን ይጎትታል፤ አቅጣጫዋንም ይመራል። ይህም ለመሐንዲሶች ከባድ ፈተና ነበር፤ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ሳያቋርጥ እየዞረ ከጎማው ጋር አብሮ መታጠፍ አለበትና።

ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው መፍትሔ፣ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወርሰው «ክሮቸራ» የሚሉት ባለ መስቀል መገጣጠሚያ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ የሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሁክ ካጠናው ወዲህ በእርሱም ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አለበት። ሁለቱ ዘንጎች በማዕዘን ሲገናኙ፣ የመጀመሪያው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሁለተኛው ግን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን የሁለተኛው ዘንግ ፍጥነት ከመጀመሪያው 13 በመቶ ያህል ዝቅ፣ 15 በመቶ ያህል ደግሞ ከፍ እያለ ይለዋወጣል። በሚታጠፍ የፊት ጎማ ላይ ይህ ከሆነ መሪው በአሽከርካሪው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ችግር ከፈቱት መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ርዜፓ ነው። እርሱ በመስቀሉ ፈንታ የብረት ኳሶችን ተጠቀመ። ዛሬ በጋራዦቻችን «ሲቪ ጆይንት» የሚባለው፣ በአማርኛ የእኩል ፍጥነት መገጣጠሚያ ልንለው የምንችለው ክፍል መሠረቱ ይኸው ነው። በጽዋ መሰል የውጭ ቤትና በውስጠኛው እንክብል መካከል አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ኳሶች በየቦያቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀለበት መሰል ያዢ ኳሶቹን ሁልጊዜ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ማዕዘን እኩል በሚከፍለው ጠለል ላይ ያቆያቸዋል። እያንዳንዱ ኳስ ከሁለቱም ዘንጎች የመዞሪያ መስመር እኩል ስለሚርቅ ሁለቱም በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ መኪና በዚህ ዓይነት መገጣጠሚያ ከተጠቀመች ወዲህ በፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች በዓለም ላይ ተስፋፍተዋል።

መኪናዋ በቀጥታ ስትሄድ ኳሶቹ ከቦያቸው መካከል እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ ቦዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው በዚያ ስፍራ ነው። ጎማው ሲታጠፍ ግን እያንዳንዱ ኳስ በእያንዳንዱ ዙር በቦዩ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። የተበላው ስፍራ ጎድጉዶ ከሆነ ኳሱ ከጉድጓዱ ለመውጣት አፋፉን መዝለል አለበት። ነዳጅ ተሰጥቶ የሞተሩ ኃይል ኳሱን ሲጫነው ዝላዩ ወደ ምት ይለወጣል። «ቋ፣ ቋ» የሚለውም ይኸው ምት ነው። በቀጥታ መንገድ ዝም ብሎ በመታጠፊያ ላይ፣ በተለይም ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮኸው ስለዚህ ነው።

ላስቲኩ ሲቀደድ

መገጣጠሚያው በደህና ቀን ዕድሜው ረጅም ነው። የሚጠብቀው በላዩ የተደረበው እጥፋት ያለው የላስቲክ ሽፋንና በውስጡ የተሞላው ጥቁር ግራሶ ነው። ሽፋኑ በድንጋይ ሲመታ ወይም በእርጅና ሲሰነጠቅ፣ ዘንጉ እየዞረ ግራሶውን ወደ ውጭ ይበትነዋል፤ በምትኩም አቧራ፣ አሸዋና ጭቃ ይገባል። ከቀረው ግራሶ ጋር የተቀላቀለ አሸዋ ቅባትነቱ ቀርቶ መሞረጃ ይሆናል። ላስቲክ በብርድ እንደሚደርቅም የታወቀ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ብርዱ ወደ ውርጭ በሚደርስባት በደብረ ብርሃን፣ ያረጀ ሽፋን በማለዳ ከመሪው ሙሉ መጠምዘዝ ጋር ሲለጠጥ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

የምሥራቹ የሽፋን መቀደድ ድምፅ ከመሰማቱ ቀደም ብሎ በዓይን መታየቱ ነው። መሪውን ወደ አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ጠምዝዞ ከጎማው በስተጀርባ ማየት ብቻ ይበቃል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ወይም በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ከተገኘ፣ ድምፅም ገና ካልተጀመረ፣ ሽፋኑንና ግራሶውን ብቻ መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ድምፁ ከተጀመረ ግን የተበላ ብረት በአዲስ ግራሶ አይድንምና መገጣጠሚያው ራሱ መለወጥ አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝለትም።

በአንኮበር ሜዳ የተደረገው ሙከራ

ወደ ገጠመኛችን እንመለስ። በመጀመሪያ የጎማዎቹን ዳዶዎች በመፍቻ ፈተሽን። የላላ ዳዶ እንደ ማንኛውም ሕመም ያንኳኳል፤ ጎማንም ነቅሎ ሊጥል ይችላልና መቅደም ያለበት ይህ ነው። ሁሉም ጠብቀው ነበር። ቀጥለን በአቅራቢያው ወደነበረ ደልዳላ ሜዳ ሄደን ሙከራውን አንድ በአንድ አደረግን። አንድን ነገር ስንለውጥ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው የማንኛውም ሳይንሳዊ ሙከራ ሕግ ነውና በዚያው ጸናን።

መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ይዘን፣ በዝግታ፣ ነዳጅ እየሰጠን ስንዞር ድምፁ ጎልቶ ተሰማ። በዚያው አቅጣጫና ፍጥነት ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሣ ቀነሰ። ወደ ቀኝ ስንዞር እምብዛም አልተሰማም። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም ተከታትሎ ፈጠነ። ድምሩ ወደ እኩል ፍጥነት መገጣጠሚያው ያመለክታል። ወደ ግራ ሲታጠፉ የመኪናዋ ክብደት ወደ ውጭው፣ ማለትም ወደ ቀኙ ጎማ ስለሚያደላ፣ በግራ መታጠፊያ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ መገጣጠሚያ ነው። ይህ ጠቋሚ እንጂ ፍርድ አይደለምና በዓይን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብለን አየን። የቀኙ ሽፋን ዙሪያውን ተቀዷል፤ ቸርኬውም በግራሶ ጠቁሯል። ከሁለት ወር በፊት የተለወጠው ደግሞ የግራው ነበር! ምናልባት ያን ጊዜ ድምፁ «ከየት ይመጣል» ተብሎ ተጠይቆ፣ መልሱን የሰጠው በግራ የተቀመጠ ጆሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ድምፅ

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ምናልባት ወደ አልዩ አምባ እንወርድ ነበር። ማንኳኳት የጀመረ የእኩል ፍጥነት መገጣጠሚያ ብዙውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ለረጅም ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ቢሰበርም መኪናዋ መጎተት ታቆማለች እንጂ መሪውና ፍሬኑ አይለዩዋትም። ይህ ግን በዳገት ላይ መቆምን ቀላል ነገር አያደርገውም።

ይሁንና በሜዳው ላይ ስንዞር ከ«ቋ፣ ቋ» በቀር ሌላ ድምፅ ሰምተን ነበር። ጎማው ከጉብታ ላይ ሲወርድ አንድ ጊዜ ብቻ «ጓ» የሚል፣ የደነዘዘ፣ ከፍጥነት ጋር የማይሄድ ድምፅ ነበር። በመጀመሪያው ድምፅ ተሸፍኖ ስለቆየ ማንም አላስተዋለውም። በክፍፍላችን መሠረት ይህ የሁለተኛው ጎራ ነው።

ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ አስደግፈን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አነሣን። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም፤ የሚደረገው ሁሉ ከጎን ሆኖ ነው። ጎማውን በስተቀኝና በስተግራ ይዘን ስንነቀንቀው ልልነት አልነበረም። በዚህ አቅጣጫ የሚገኝ ልልነት አብዛኛውን ጊዜ የመሪውን ዘንግ ጫፍ፣ በተለምዶ «ታይሮድ» የሚባለውን ያሳጣል። ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ግን ጎማው በግልጽ ተንቀሳቀሰ። ይህ ከሁለት ነገር በአንዱ ይሆናል፤ ወይ ከኩሽኔታው፣ ወይ የታችኛውን ክንድ ከጎማው ተሸካሚ ጋር ከሚያገናኘው «ቦል ጆይንት»። መለያው ቀላል ነው። አንድ ሰው የእግር ፍሬን ረግጦ ሲይዝ ዲስኩ ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይታሰራልና የኩሽኔታ ልልነት ይጠፋል፤ የቦል ጆይንት ልልነት ግን አይጠፋም። ፍሬኑ ተረገጠ። ልልነቱ አልጠፋም።

ቦል ጆይንት የሰውን የዳሌ መገጣጠሚያ ይመስላል። ክብ ራስ ያለው ብረት በጽዋ ውስጥ ተቀምጦ ጎማው እንዲታጠፍም፣ ከፍና ዝቅ እንዲልም ያስችለዋል። ጽዋው ተበልቶ ራሱ ከውስጡ ሲወጣ ጎማው የታች መያዣውን ያጣል፤ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ መሪውም መታዘዝ ያቆማል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ክፍሉ ከፍተኛ ጫና ሲያርፍበት፣ ማለትም በፍሬን፣ በጉድጓድና በኩርባ ላይ ነው። ሦስቱ ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ጮኾ ያስደነገጠን ድምፅ የታገሠ ሕመም ሆኖ፣ ያላስተዋልነው ድምፅ ግን የሚገድለው ነበር።

ጉዟችንን አቆምን። መኪናዋ እዚያው አደረች። በማግስቱ ከደብረ ብርሃን የመጡ አንድ አዛውንት መካኒክ አሮጌውን ቦል ጆይንት ፈትተው በእጃችን ሰጡን። ሽፋኑ ተቀዶ ውኃ ገብቶበት ራሱ ዝጓል፤ በጽዋው ውስጥም በሁለት ጣት ሲገፋ ያለ ድካም ይንገዋለል ነበር። ቁልቁለቱን ብንወርድ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የዚያን ልልነት ያየ ሰው ግን ለመሞከር አይመኝም።

የመኪናው ዓይነት ይጠየቅ

አንባቢያችን ከዚህ ተነሥተው «በመታጠፊያ የሚንኳኳ ሁሉ ሲቪ ጆይንት ነው» እንዳይሉ እናሳስባለን። በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል ሕዝብ ሲያመላልሱ የኖሩት የተለመዱት ሃይስ ሚኒባሶች በኋላ ጎማ የሚነዱ ናቸው። በፊት ጎማቸው ላይ ኃይል የሚያደርስ ዘንግ ስለሌለ ከዚያ በኩል የሚሰማ ድምፅ ከኩሽኔታ፣ ከቦል ጆይንት ወይም ከመሪ ዘንግ ጫፍ ይፈለጋል። በባጃጅም የፊት ጎማ ላይ ኃይል የሚያደርስ ዘንግ የለም።

በገጠር መንገዶቻችን የተለመዱት ወጥ የፊት አክስል ያላቸው የቀድሞ ላንድ ክሩዘሮች መገጣጠሚያውን የሚደብቁት በጎማው በስተጀርባ ባለው ክብ የብረት ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚታይ የላስቲክ ሽፋን የላቸውም። በተጨማሪም የፊትና የኋላ ጎማ በአንድነት እንዲነዱ ተደርጎ በደረቅ አስፋልት ላይ በጠባቡ ሲታጠፉ፣ የፊቱና የኋላው አክስል የሚሄዱት ርቀት የተለያየ ስለሆነ ይታነቃሉ፤ መንገጫገጭና ድምፅም ይሰማል። መድኃኒቱ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ እንጂ ጋራዥ መግባት አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሞተራቸው ቢለወጥም ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሱት በዚያው ዓይነት ዘንግና መገጣጠሚያ ነው። ጠቀሜታቸው የሞተር ጩኸት ስለሌላቸው ትንሹ ድምፅ ቶሎ መሰማቱ ነው፤ የሚሰማ ሰው ካለ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናተርፈው ጥቂት ነገር ነው። ድምፅ ሲሰማ ዳዶዎቹን አስቀድመን እንፈትሽ። ከዚያ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ከምን ጋር እንደሚሄድ እንጠይቅ። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። አንድ ጥፋት ስላገኘን ብቻ ፍለጋውን አናቁም፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ጥላ ሥር ሊደበቅ ይችላልና። ጎማው ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ልልነት ካለው ደግሞ፣ ምንጩ ታውቆ እስኪጠገን ድረስ ቁልቁለት መውረድ ይቅርብን። ወደ መካኒክ ስንሄድም «ይህን ለውጡልኝ» ከማለት ይልቅ ድምፁ መቼ፣ በየትኛው መታጠፊያ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሰማ ብንነግራቸው የእነርሱም ድካም፣ የእኛም ወጪ ይቀንሳል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መኪና በሽታዋን አትደብቅም፤ በየኩርባው ትናገራለች። ማዳመጥና ለይቶ መስማት የእኛ ፈንታ ነው።